ጦሙን ያደረ መሬትና ጋሽ አሥራ ሦስት

ጋሽ አሥራ ሦስት ከጦር ሜዳ ሲመለሱ አሥራ ሦስት የወርቅ ጡብ ይዘው መጥተው ማሳቸው ውስጥ ቀብረዋል ይባላል። ይህን የሚለው አንድ ወፈፌ አይደለም። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ከጸጉር አስተካካዩ እስከ ልብስ ሰፊው፣ ጥርስ ያለውም ድዱ የቀረውም ይለዋል። ማስረጃም ሞልቷል። ሽማግሌው ከማሳቸው ላይ አርባ እርምጃ በሠላሳ እርምጃ የምትሆን ቁራሽ መሬት ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ጦሟን አሳድረዋል፤ ዙሪያዋን ያርሳሉ፣ እሷን ግን ማረሻ አያስነኳትም። የጎረቤት ፍየል ወደዚያ ካመራች በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ሮጠው ይቀድሟታል። ፍየሏም ይህን ስለምታውቅ አንዳንዴ ለጨዋታ ብላ ትነሣለች። ደግሞስ ቅጽል ስማቸው? ሰው በከንቱ አሥራ ሦስት አይባልም።

ወሬው ግን እንደማንኛውም ወሬ በልቶ ያደገ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አንድ ጡብ ነበር፤ ተላጭቶ፣ ሽቶ ተረጭቶበት ሲወጣ አሥራ ሦስት ሆነ።

ወርቅ ያለው ሰው ደግሞ ያንን ኮት አይለብስም። ክርኑ ላይ የተጣፈው ጨርቅ ራሱ ተጥፏል፤ ልብስ ሰፊው እንደሚምለው ከዋናው ኮት የቀረው ኮሌታውና ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው። ጫማቸው ሲራመዱ ከፊት አፉን ከፍቶ ያዛጋል። ከጦርነቱ ሲመለሱ ያያቸው ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በአንድ እግራቸው ቦት፣ በሌላው ሸራ ጫማ እንደነበር ነው። ሁለተኛውን ቦት ማምጣት ያቃተው ወታደር አሥራ ሦስት ጡብ በምኑ ተሸከመ?

እሳቸው ሲጠየቁ የሚመልሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፈንጂ አለ።» ይህን ደግሞ የሚያምን የለም። ፈንጂ እንደሌለ የሚመሰክር ባለ ማህተም ደብዳቤ አለ፤ ደብዳቤው የቆመውም በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ላይ ነው። ሰውየው ከከተማው ወሬ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከገዛ ፊርማቸው ጋር ሲከራከሩ ነው ያረጁት።

ነገሩ የሚጀምረው ከባቄላ ነው። አባታቸው ገበሬ ነበሩ፣ ያውም የመስመር ሰው። ባቄላ በእጅ ሲተክሉ ትልሙ በገመድ የተለካ ይመስል ነበር። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ከቤት የወጣ ዘር ቤት አይመለስም። መዳፍ ላይ አንዲት ፍሬ ከተረፈች ትልሙ መጨረሻ ላይ፣ በሬዎቹ በሚዞሩበት ጥግ ትቀበራለች። ጋሽ አሥራ ሦስት ልጅ ሳሉ ሦስት ፍሬ በኪሳቸው ይዘው ቢመለሱ አባት ከእራት ገበታ አስነሥተው ማሳ ድረስ ሰደዷቸው። ሄደው ቀብረው መጡ። ከዚያ በኋላ እጃቸው ጌታውን ሳያማክር የሚሠራው ሥራ ሆነ፤ የተረፈውን ጥግ ላይ መቅበር።

በሃያ አራት ዓመታቸው ጦርነት መጣ። ሻምበሉ ምልምሎቹን አሰልፎ ገበሬ ማን እንደሆነ ቢጠይቅ ግማሹ ሰልፍ እጁን አወጣ። ቀጥ ያለ ትልም የሚያወጣስ ቢል አንድ እጅ ቀረ። በዚሁ ፈንጂ ቀባሪ ሆነው ተመደቡ። የጎበዝ ጎበዝ ነበሩ። መስመራቸው ከማማሩ የተነሣ ጠላት ከላይ ቢያየው አጨብጭቦ ይመለስ ነበር ይባላል፤ ይህም ያው የሻይ ቤት ነው።

ጦሩ ሲያፈገፍግ፣ ሲያፈገፍግ፣ በዓለም ላይ ካለ ማሳ ሁሉ መርጦ የእሳቸው አባት ማሳ ላይ ደረሰ። አባት ሸሽተዋል፤ ባቄላው ገና ጣት አክሏል። ሻምበሉ መሬቱን የምታውቀው አንተ ነህ አላቸው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ ይወርዳል፣ መድፉ ከወንዙ ማዶ እየቀረበ ነው። ከግምጃ ቤቱ አሥራ ሦስት ፀረ ታንክ ፈንጂ ተቀበሉ፤ አንድ ሣጥን ሙሉ አሥራ ሁለት፣ ከትናንት የተረፈች አንዲት። በአህያ ጭነው ገቡ። ከትልቁ ዛፍ ጀምረው እርምጃ እየቆጠሩ ስድስት ስድስት አድርገው በሁለት መስመር ቀበሩ። ተመልሰው ቅጹን ሞሉ። ቅጹ አሥራ ሁለት ረድፍ ነበረው፤ አሥራ ሁለቱን ሞሉ፣ ፈረሙ፣ ሮጡ።

በሦስተኛው ቀን፣ ጭቃ ውስጥ ሲጓዙ፣ ድንገት ቀጥ ብለው ቆሙ። ከኋላ የመጣው ወታደር ገጫቸውና ሰደባቸው። አህያዋ የተመለሰችው ባዶዋን ነበር። አሥራ ሦስት ሲቀነስ አሥራ ሁለት፣ አንድ። አንዷ የት ገባች? አእምሯቸውን ቢያገላብጡት ዝናብና መድፍ እንጂ ሌላ አልወጣውም።

ጦርነቱ አለቀ። ፈንጂ አምካኞች ያንን ቅጽ ይዘው መጥተው አሥራ ሁለቱን ከየጉድጓዱ እንደ ድንች ለቅመው ወሰዱ፤ አንዷም ስንዝር አልተዛነፈችም። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ማህተም ተመታ። ጋሽ አሥራ ሦስት ደብዳቤውን የጻፈው ቢሮ ድረስ ሄደው አንድ ይቀራል አሉ። ጸሐፊው ቅጹን ከፍቶ አሳያቸው።

«ይኼ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የኔ።»

«እንግዲያው ከራስህ ጋር ታረቅና ና።»

ከዚያ በኋላ የጸሐፊ ዓይነት ተቀያይሯል፤ መልሱ ግን አልተቀየረም። ትልቁን ዛፍ ወታደሮቹ ለማገዶ ስለጨረሱት ልኬቱ የሚጀመርበት ጉቶ ብቻ ቀረ። እሳቸውም ሁለቱ መስመሮች የነበሩበትን ቦታ ከለሉና ማረሻቸውን በዙሪያው አዞሩ።

መቁጠር ስለሚያውቁ ትምህርት ቤቱ ቀጠራቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሩ፤ ጠዋት ጠመኔ፣ ከሰዓት ሞፈር። የዓመቱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አንድ ነበረች። አሥራ ሦስት ሲቀነስ አሥራ ሁለት? ሲሉ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አንድ!» ይላል። «የት አለ?» ይላሉ። ይህችን ጥያቄ ሳይመልስ ወደ ሁለተኛ ክፍል ያለፈው ሕዝብ ቢሰለፍ ከመናኸሪያው እስከ ወንዙ ይደርሳል። ቅጽል ስሙ ከዚያ ወጣ። ልብስ ሰፊውም የእሳቸው ተማሪ ነው፤ የቀረችውን አንዲት እስከ ዛሬ እየፈለግኩ ነው ይላል፣ የሸሚዝ ቁልፍ በጠፋው ቁጥር።

አንድ ጊዜ ሊያወጧት ተነሥተው ነበር። ልጃቸው የሦስት ወር አራስ ነበር። እንደ ወታደርነታቸው ዘመን ክንድ የሚያህል ሹል ብረት አዘጋጅተው ከቁራሿ መሬት ዳር ጠዋት ተቀመጡ። እስከ ቀትር እዚያው ናቸው። አንዴም አልተንበረከኩም። ባለቤታቸው ልጁን አዝላ መጣች። ብረቱን ከእጃቸው ወስዳ የዶሮ ቤቱ መቀርቀሪያ አደረገችው። ከዚያ እኔ በሕይወት እያለሁ እግርህን እዚያ እንዳታሳርፍ ብላ አስማለቻቸው። ማሉ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው የማሉት መሐላ የለም።

ባለቤታቸው አምና አረፈች። መሐላውም አብሯት ሄደ።

አራስ የነበረው ልጅ ዛሬ ሃምሳ አምስት ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ጎልማሳ ነው። በወርቅ አያምንም፤ በፈንጂም አያምንም፤ የሚያምነው በናፍጣ ነው። የገበሬዎች ማኅበሩ ትራክተር በተራ ሁለት ቀን ደርሶታል። ምሳ ላይ ያቺን ቁራሽ ነገ አርሳታለሁ አለ።

አባት ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ፈንጂዋ ለታንክ የተሠራች ናት። ሰውና በሬ እላይዋ ቢሄዱ ትታገሣለች፤ ለትራክተር ግን ትታገሣለች ብሎ የሚወራረድ የለም። ትራክተሩ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ያለቻቸው አንድ ነፍስ ነው።

«አባዬ፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ነው እኮ። ቢኖርስ ዝጎ አልቋል።»

«አያልቅም። ሲያረጅ ይብስበታል። እንደኔ ይነጫነጫል።»

«ደብዳቤው የለም ይላል።»

«ደብዳቤው እኔን አምኖ ነው። እኔ ደግሞ ተሳስቼ ነበር።»

«ያኔ ከተሳሳቱ፣ አሁንስ አለመሳሳትዎን በምን አውቃለሁ?»

እንዲህ ዓይነቱን አጠያየቅ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከሰዓት ወደዚያው የደብዳቤው ቢሮ ሄዱ፤ አዲሱ ጸሐፊ ያንኑ አሮጌ ቅጽ በአዲስ ማኅደር አሳያቸው። ማታ እራት አልቀመሱም።

በማግስቱ ጠዋት ልጅየው ትራክተሩን ሊያመጣ ማኅበሩ ቢሮ ሲሄድ ግቢው ሰላም ነበር። ትራክተሩን እየነዳ በቤቱ ፊት ሲያልፍ ግን ዶሮዎቹ አስፋልቱ ላይ ናቸው። አንዷ አውራ ጎዳናውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ መሃሉን ይዛ ቆማለች። የዶሮ ቤቱ በር ወለል ብሏል፤ መቀርቀሪያው የለም። ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባውም፤ ዶሮዎቹን በጥሩምባ አባርሮ አለፈ።

ከኋላው ሻይ ቤቱ በሙሉ ይከተላል። ወርቁ ዛሬ ይወጣል ተብሎ ጸጉር አስተካካዩ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛውን ወንበር ላይ ጥሎ መጥቷል፤ በብብቱ ባዶ ጆንያ ይዟል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ቢዘንብስ ብዬ ነው አለ። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና አልነበረም።

ልጅየው በታችኛው በኩል፣ ማረሻው እስከ ዛሬ ሲዞርበት በኖረው ዳር ደርሶ ሊገባ ሲል አባቱን አየ። ቁራሿ መሬት መሃል ተንበርክከዋል። ከጉቶው በኩል ነው የገቡት። ከኋላቸው ሣሩ ውስጥ ነጭ መስመር አለ፤ በየስንዝሩ አንዲት የጠመኔ ስባሪ። ጠመኔ ያለበት የተፈተሸ ነው። በቀኝ እጃቸው የዶሮ ቤቱን መቀርቀሪያ ይዘዋል።

«ሞተሩን አጥፋው» አሉ፤ ድምፃቸውን ሳያነሡ። ክፍል ውስጥም ድምፅ አያነሡም ነበር፤ ለዚህ ነው ሁሉም የሚሰማቸው።

አጠፋው። መንገድ ላይ የቆመውን ሕዝብ ወደ ኋላ መልሱልኝ አሉ። ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈንጂውን ግማሽ በግማሽ አመነና ግማሽ ያህል ወደ ኋላ ተመለሰ። ልጅየው እዚያው ሊወርድ እግሩን ሲያወጣ በገዛ ጎማህ ዱካ ብቻ ተመለስ፣ ዙረህ በጠመኔው ና አሉት። በጎማው ዱካ ወደ ኋላ ተራመደ፤ ዞረ፤ በጠመኔዎቹ አጠገብ እግሩን እየመረጠ ገባ። አባቱ ጋ ሲደርስ እሱም ተንበረከከ።

ብረቱ በሰያፍ ይገባል፤ በቀስታ፣ ሁለት ጣት፣ አራት ጣት፣ አፈር ብቻ። ይወጣል። ግማሽ ስንዝር ወደ ግራ። እንደገና። ላባቸው ከአፍንጫቸው ጫፍ ጠብ ይላል፤ ልጃቸው በእጅጌው ይጠርግላቸዋል። አንዴ ብረቱ ጠንካራ ነገር ነካ። በጣት እየቧጠጡ ቢያወጡት ድንጋይ ነው። ጋሽ አሥራ ሦስት ድንጋዩን ዜሮ ያመጣ ተማሪ እንደሚያዩ አይተው ወደ ጎን አስቀመጡት።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ጠመኔው አለቀ። አንደኛውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ጨረሱ፣ ሁለተኛውን አጋመሱ፤ የለም። ሽማግሌው ተረከዛቸው ላይ ቁጭ አሉ። ልጅየው ፊታቸውን ሲያይ አንድ ነገር ፈራ፤ ፈንጂውን ሳይሆን አለመኖሩን። ከሌለ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ምን ሲጠብቅ ኖረ?

«አባዬ» አለ፤ «ያን ቀን እንዴት እንደዘሩት ይንገሩኝ።»

ቀበሩት ማለቱ ነበር፤ የገበሬ አፍ ነውና ዘሩት አለ። አባት ቀና አሉ። ሣሩን አዩት። ይህች ቁራሽ ሃምሳ አምስት ዓመት ስላልታረሰች የአባታቸው ትልም ከነቅርጹ ከሣሩ ሥር እንደ ጎድን አጥንት ይታያል። ከወረዳው መሬት ሁሉ ያ ትልም የቀረው እዚህ ብቻ ነው። በዓይናቸው ተከተሉት። ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ከከለሉት ድንበር አልፎ በሬዎቹ ይዞሩበት እስከነበረው ጥግ። አባታቸው ከእራት አስነሥተው የላኳቸው ጥግ።

ጥጉ ላይ ትራክተሩ ቆሟል።

ልጅየው ተነሥቶ ወደ ኋላ ላውጣው ሲል ክንዱን ያዙት። አትንካው አሉ። በጠመኔው ተመልሰው፣ ዙረው፣ በጎማው ዱካ መጥተው ትራክተሩ ፊት ተንበረከኩ። የፊት ጎማው ከትከሻቸው ይበልጣል። ልጅየው ከኋላ ወገባቸውን ይዟል። አንድ ጊዜ ወጉ፣ አፈር። ሁለት፣ አፈር። ሦስት፣ አፈር። በአራተኛው ብረቱ ቆመ፤ ጠፍጣፋ፣ ሰፊ፣ ድንጋይ ያልሆነ ነገር። ከጎማው የራቀችው አንድ ክንድ ከስንዝር ነበር። ሽማግሌው ኮታቸው ኪስ ጥግ ውስጥ የቀረች የጠመኔ ፍርፋሪ አግኝተው እላይዋ አስቀመጡ።

«አንድ» አሉ።

ልጅየው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነበር።

በማግስቱ አምካኞች መጡ። ትራክተሩን በረጅም ገመድ ወደ ኋላ ስበው፣ ሰውን አርቀው እዚያው አፈነዷት። ጉድጓዱ ትራክተሩን ከነነጂው ይቀብር ነበር። ጸጉር አስተካካዩ በፍንዳታው መስተዋቴ ተሰነጠቀ አለ፤ ሃያ ዓመት በዚያው ስንጥቅ ውስጥ ፊታቸውን ሲያዩ የኖሩ ደንበኞቹም አብረው አዘኑ።

ወሬ ግን በፈንጂ አይሞትም። ሳምንት ሳይሞላው ሻይ ቤቱ ተስማማ። ፍንዳታው ማታለያ ነው፤ ወርቁ ከሥሩ ነበር፤ ጋሽ አሥራ ሦስት ዋዜማውን ሙሉ አሥራ ሦስቱንም ጡብ ወደ ሌላ ቦታ አዘዋውረዋል። የተቃወሙት ደግሞ የባሰ አመጡ። ሽማግሌው ሃምሳ አምስት ዓመት ሳይፈሩ ፈንጂዋ ላይ ዘብ የቆሙ፣ በባዶ እጃቸው አውጥተው እንደ ሕፃን ታቅፈው የተሸከሙ ጀግና ናቸው። ሁለቱ ወገኖች በዚህ ሲጨቃጨቁ ጋሽ አሥራ ሦስት ከልጃቸው ጋር ገቡ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሲቀመጡ ሲታዩ የመጀመሪያቸው ነው። አንድ ሻይ አዘዙ።

ጸጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጋሼ፣ እንግዲህ ሁሉም ነገር ካለፈ… የሚባለውን እርስዎም ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ። አንዱም እውነት አይደለም» አሉ፤ ስኳሩን እያማሰሉ። «ወርቅ አልነበረም። ከጦርነቱ ያመጣሁት አንድ ቦትና የእግር ቁስል ነው። ዘብም አልቆምኩም፤ የቆምኩበት ቦታ ባዶ ነበር፣ ፈንጂዋ ያለችው በየዓመቱ በሬ ሳዞርበት ከኖርኩት ዳር ነው። አልፈራም ያላችሁትም ውሸት ነው። ፈርቼ ነው ያልነካሁት፤ ሚስቴ ስታስምለኝ ደስ ያለኝም ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ያቀፍኩትም ነገር የለም። የቀበርኳት እኔ፣ ሳልመዘግባት የሸሸሁትም እኔ።»

«ታዲያ አሥራ ሦስቱ ጡብ?» አለ ጸጉር አስተካካዩ፤ ድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበር።

«ጡብ የሚባል የለም። አሥራ ሦስት ሲቀነስ አሥራ ሦስት፣ ዜሮ።»